በእጄ ጽሑፍ የሚመጣልህን አትመን

ውድ ወንድም ጋሼ ሉዎ ታይ፣

ይህን የምታነብልህ እቴቴ ፔይ ናት። ንባቧ ቀርፋፋ እንደሆነ ታውቃለህ፤ ስድብ ላይ ስትደርስ ብቻ ነው የሚፈጥንላት። ታገሣት። መሐል ላይ “ይበቃል፣ የቀረውን በኋላ” ልትልህ ትችላለች። እሺ እንዳትላት። እስከ መጨረሻው ታንብብልህ።

ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልንገርህ። ከዚህ በኋላ ሌላ ደብዳቤ ይመጣልሃል። የሚያመጡት ጨው የሚያቀብሉህ ሰዎች ናቸው፤ ምንም አያውቁምና አትምታቸው። የእጅ ጽሑፉ የእኔ ነው። “የምሕረቱ በር አልተዘጋም፤ እናትህ በአውራጃው ከተማ በክብር ተቀምጣ ትጠብቅሃለች፤ እጅህን ሰጥተህ ከእሷ ጋር ኑር” ይልሃል። ከግርጌው የእናትህ የአውራ ጣት አሻራ አለበት። አሻራው በእርግጥ የእሳቸው ነው። የቀረው ሁሉ ውሸት ነው። አትምጣ።

ይህን ብቻ ጽፌ ብልክልህ እንደምትመጣ አውቃለሁ። “ሦስቴ ወዳቂው ዛሬም ፈርቷል” ብለህ ጦርህን አንሥተህ ትነሣለህ። ስለዚህ ሁሉንም ልነግርህ ተቀምጫለሁ። አሁን ቀትር ነው፤ የአውራጃው ገዥ ምሳውን በልቶ ተኝቷል፣ ጽሕፈት ቤቱ ውስጥ ከእኔና ከዝንቦቹ በቀር ማንም የለም። ጊዜ አለኝ።

“ሦስቴ ወዳቂ” የሚለውን ስም ያወጣህልኝ አንተ ነህ። ለገበሬዎች አቤቱታ ጽፌ የምታደን ሰው ሆኜ ሐይቁ ዳር የደረስኩ ቀን በታንኳህ አሻገርከኝ። “ምን ትችላለህ?” አልከኝ። “መጻፍ” አልኩህ። “እሱን አይደለም፣ ሥራ ማለቴ ነው” አልከኝ። ለመንግሥት ፈተና ሦስት ጊዜ እንደተቀመጥኩ ስነግርህ መቅዘፍህን አቆምክ። “አለፍክ?” “አላለፍኩም።” “ሦስቴም?” “ሦስቴም።” ሳቅህ ታንኳዋን ሊገለብጣት ነበር። ሽፍቶቹ ወደሚኖሩበት ሽመላ ደሴት ስንደርስ በአዳራሹ አርባ ሁለት ወንበሮች ላይ የሚቀመጡት የቃል ወንድሞችህ ስሜን ከእኔ በፊት ያውቁት ነበር።

ደሴቱ ላይ ማንም በእውነተኛ ስሙ አይጠራም ነበር። አንዱ ተይዞ ቢገረፍ የሌላውን ቤተሰብ እንዳያስይዝ ነው። አንተ “ብረት መቅዘፊያ” ነበርክ። ከአንተ ጋር አንድ ገበታ የበሉ፣ ደማቸውን ከደምህ ጋር በአንድ ጽዋ ቀላቅለው የጠጡ ሰዎች እንኳ ሉዎ ታይ የሚባል ሰው እንዳለ አያውቁም ነበር። እኔ ግን አውቅ ነበር። በየዓመቱ አዲስ ዓመት ሊገባ ሲል ታንኳህን ሸምበቆው ውስጥ አስገብተህ ለእናትህ ደብዳቤ ታስጽፈኝ ነበርና።

“ዶሮዎቹ እንዴት ናቸው በል” ትለኛለህ።

“መጀመሪያ የእሳቸውን ጤና እንጠይቅ እንጂ፣ ነውር ነው።”

“አንተ ዝም ብለህ ጻፍ። ዶሮዎቹ ደህና ከሆኑ እሷ ደህና ናት። ዶሮ የምታስርበው ስትታመም ብቻ ነው።”

የመጀመሪያውን ዓመት የመንደርህን ስም ስትነግረኝ ጆሮዬን በእጅህ ጨብጠህ ነበር። ቀልድህን አልነበረም፤ ለሁለት ቀን ቀልቶ ነበር። “ይህን የምናውቀው አንተና እኔ ነን። ሦስተኛ ሰው ካወቀ ከአንተ ነው የወጣው” አልከኝ። “ከእኔ አይወጣም” አልኩህ። ዘጠኝ ዓመት፣ ዘጠኝ ደብዳቤ ጻፍኩልህ። ዘጠኝ ዓመት ቃሌን ጠበቅኩ።

የንጉሠ ነገሥቱ መልእክተኛ የመጣበትን ቀን አልረሳህም። አዋጁን ከቢጫ ሐር ፈትቶ ሲያነብ ሁላችን ተንበርክከን ነበር። አንተ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለህ ዓሣ ትቀርፍ ነበር። መልእክተኛው ንባቡን አቋርጦ “ያ ሰው ለምን አይንበረከክም?” ሲል ሁላችን ደነገጥን። እቴቴ ፔይ ግን ቀና ሳትል “ጉልበቱ አይታጠፍለትም ጌታዬ፤ ሲወለድም ቆሞ ነው የወጣው፣ እናቱ ይኸው እስከ ዛሬ ትረግመዋለች” አለች። መልእክተኛው አመናት መሰለኝ፣ ንባቡን ቀጠለ። በደላችሁ ተሰርዟል፤ በሠራዊቱ ገብታችሁ ግዛቱን አገልግሉ፤ በአሥር ቀን ውስጥ እያንዳንዱ ሰው ስሙን፣ የአባቱን ስምና መንደሩን ያስመዝግብ፤ ያልተመዘገበ ይታደናል።

መልእክተኛው ወደቡ ላይ ሲጋበዝ እኛ አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰብን። አለቃ ሜንግ ገና አፉን ሳይከፍት ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። ያ ሰው የግድብ ሹም ሳለ ግድቡ ሲፈርስ የበላዮቹ ጥፋት በእሱ ላይ እንደተላከከ፣ ዘመዶቹም ከዘር መዝገባቸው ስሙን እንደፋቁት ሁላችን እናውቃለን። “እኔ የምፈልገው ሹመት አይደለም” አለ። “ስሞት ስሜ ከአባቶቼ ስም ሥር እንዲጻፍ ነው። ልጄ አያቱ መቃብር ላይ እንዳይሰግድ ተከልክሏል። እንደ ውሻ ሞቼ እንደ ውሻ ልቀር?”

እቴቴ ፔይ በስንጥር ጥርሷን እየጎረጎረች ነበር። “እኔ ለስም ግድ የለኝም” አለች። “ይህ ረግረግ ጉልበቴን በልቶ ጨርሶታል። ደረቅ ወለል ላይ ልተኛ። ምሕረት በሉት፣ ወጥመድ በሉት፣ ጣሪያ ካለው እገባበታለሁ።”

ከዚያ አንተ የዓሣ ቅርፊት የተለጠፈበት እጅህን ሳትታጠብ ገባህ።

“እኔን የሚምሩኝ ምን አድርጌ ነው?” አልክ። “ታናሽ ወንድሜ ለቤተ መንግሥቱ የአትክልት ቦታ የሚሄድ ድንጋይ ሲጎትት ከድንጋዩ ጋር ወንዝ ገባ። ድንጋዩን አወጡት፣ ልጁን ተዉት። እኔም ያሠራው የነበረውን ሹም እዚያው ወንዝ ውስጥ ጨመርኩት። አሁን እነሱ ናቸው እኔን የሚምሩኝ? እኔ እነሱን ምሬያቸዋለሁ? የጠየቀኝ ሰው አለ?”

“ንጉሠ ነገሥቱ ይህን አያውቁም” አለ ሜንግ። “ያበላሹት በዙሪያቸው ያሉት ናቸው።”

“ካላወቀኝ እንዴት አድርጎ ማረኝ?”

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ፊደል የቆጠርኩ ነኝ፣ የወረቀት ነገር የሚጠየቀው እኔ ነኝ። “ምን ትላለህ? እውነት ነው ወይስ ማታለያ?” አሉኝ። አዋጁን ወደ ብርሃን ወስጄ አገላብጬ አየሁትና “ማኅተሙ እውነተኛ ነው” አልኩ። አልዋሸሁም። የማኅተም እውነተኛ መሆን ስለ ቃሉ እውነተኛነት የሚናገረው ምንም ነገር እንደሌለ ግን ያን ጊዜም አውቅ ነበር፤ እሱን አልተናገርኩም። ለምን እንደሆነ ልንገርህ። በልቤ አራተኛ ጊዜ ለፈተና ስለ መቀመጥ እያሰብኩ ነበር። ምሕረት ያገኘ ሰው መፈተን ይችላል። ለአንተ እንኳ ያልነገርኩህ ሳቅህን ፈርቼ ነው። ያ ሁሉ ሰው የተሸጠው በእኔ ምኞት ነው ብዬ ራሴን አላገዝፍም፣ ከእኔ ሌላም ብዙ የፈለገ ነበር። ግን የጠየቁት እኔን ነው።

በማግስቱ ወንበርህን ተሸክመህ ወጣህ። ሜንግ “ወንበሩ የደሴቱ ነው” ሲልህ “እኔ ነኝ የጠረብኩት፣ ዛፉም የደሴቱ ከሆነ ና ውሰደው” አልከው። ታንኳህ ላይ ገልብጠህ ጫንከው። ልሰናበትህ ስመጣ ፊትህ እንደ ሌላው ቀን ነበር፤ ሳቅህም አልጠፋም። “ሦስቴ ወዳቂ” አልከኝ፣ “መዝገቡን የምትጽፈው አንተ ነህ አሉ። ስሜን እንዳትነካ።” “እሺ” አልኩህ። ጥቂት እንኳ ቆም ብዬ እንደ ታላቅ ወንድሜ እንደማይህ ብነግርህ ምን ነበረበት እላለሁ አሁን።

መዝገቡን መጻፍ አምስት ቀን ፈጀ። ጠረጴዛዬን የሜዳው ዛፍ ሥር አደረግኩ። ስማቸውን ለዓመታት ያልጠሩ ሰዎች ናቸው፤ እንደ ሙሽራ አፍረው ነው የሚቀርቡት። አንዱማ የአባቱ ስም ጠፍቶት ቁጭ ብሎ አለቀሰ። “ቤተሰቦቻችሁ ከግብር ነፃ ይሆናሉ፣ በራቸው ላይ የክብር ሰሌዳ ይሰቀላል” ተብሎ ስለነበር ሁሉም መንደሩን አሳምሮ ይነግረኝ ነበር፣ የትኛው ወንዝ፣ የትኛው ዋርካ፣ ስንተኛው በር። ስንት ዓመት የደበቁትን በራሳቸው አፍ ነገሩኝ፣ እኔም በጥሩ ጽሑፍ ጻፍኩት።

በመጨረሻው ቀን ሜንግ መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። “የብረት መቅዘፊያስ?” አለኝ።

“አይፈልግም ብሏል።”

“ዛሬ ተቆጥቶ ነው። ክረምቱ ሲጠናበት ይመለሳል። ያን ጊዜ መዝገቡ ተዘግቶ ቢሆንስ? ያልተመዘገበ ይታደናል ይላል እኮ። ወንድምህ አይደለም እንዴ? እያየኸው ይታደን?”

“ስሜን እንዳትነካ ብሎኛል።”

“ሰው ሲቆጣ ብዙ ነገር ይላል። ደብዳቤ ትጽፍለት እንደነበር አውቃለሁ። ቤቱን ታውቀዋለህ።”

ሜንግ ክፉ ሰው አልነበረም፣ ይህን እንድታውቅልኝ እፈልጋለሁ። አላስገደደኝም። ሲሄድ ብሩሼን አንሥቼ ብዙ ቆየሁ። ስሙ እዚህ ከገባ ምሕረቱ በሌለበትም ይደርሰዋል፣ ቢመጣ ባይመጣ ማንም አይነካውም ብዬ አሰብኩ። ዕድሜ ልኬን በወረቀት ያመንኩ ሰው ነኝ። ሦስት ጊዜ የጣለኝን ወረቀት አራተኛ ጊዜ አመንኩት። “ሉዎ ታይ” ብዬ ጻፍኩ። የአባትህን ስም ጻፍኩ። “ኩሊያንግ መንደር” ብዬ ጻፍኩ። ከዚያ ማንም ሳይጠይቀኝ፣ የሌሎቹ በዝርዝር ሆኖ ያንተ ጎደሎ እንዳይመስል ብዬ፣ “ከፈረሰው የሸክላ ምድጃ በስተጀርባ፤ እናት በሕይወት” ብዬ ጨመርኩበት። ወንድም ጋሼ፣ ከእኔ ነው የወጣው። ሦስተኛው ሰው የሰማው ከእኔ ነው።

መዝገቡን ባስረከብን በማግስቱ ነቃሾች መጡ። አዋጁ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልነበረም። ሁሉንም አሰልፈው ጉንጫቸው ላይ “ተጸጽቶ የገባ” የሚል ጽሑፍ ነቀሱባቸው፤ መጀመሪያ የተነቀሰው ሜንግ ነው። እኔን አልነኩኝም። ጽሑፌን አይተው “ይህ ለጽሕፈት ቤት ይሆናል” አሉና ለይተው እዚህ አመጡኝ። እቴቴ ፔይን ሴት ናት ብለው ተዉአት፤ ወደቡ ላይ አረቄ ቤቷን ከፈተች፤ ጣሪያም አገኘች። ሌሎቹ ወደ ደቡብ ተራራዎች ተላኩ፣ እንደ እኛው ያሉ ሰዎችን ሊወጉ። እነዚያም ምሕረት እየጠበቁ ነበር አሉ። ከተላኩት አርባ ሰዎች አሥራ ሰባት ተመለሱ።

ሜንግ ከተመለሱት አንዱ ነበር። ሹመቱን ይዞ፣ አዲስ ልብስ ለብሶ፣ ልጁን አስከትሎ ወደ ዘመዶቹ ሄደ። ሽማግሌዎቹ የአባቶቻቸው ስም ካለበት አዳራሽ በር ላይ ቆመው ፊቱን አዩት። “ጉንጩ ላይ ጽሑፍ ያለበት ሰው እዚህ አይገባም” አሉት። እዚያው በር ላይ ሁለት ቀን ተንበርክኮ ዋለ። በሚቀጥለው ዘመቻ የራስ ቁሩን አውልቆ ከፊት ሆኖ ወደ ቅጥሩ ሮጠ አሉ፤ አብረውት የነበሩት እንደነገሩኝ ጋሻውንም አላነሣም። አንተ ምናልባት “ነግሬው ነበር” ትላለህ። እኔ ግን ሳስበው ያሳዝነኛል። ሌላ ምንም አልፈለገም እኮ፣ የስሙን ቦታ ብቻ ነው የፈለገው።

አሁን ወዳንተ ልምጣ። ስምህ ባይጻፍ ኖሮ ያልተማረከ ሽፍታ ነበርክ፤ ይፈልጉህ ነበር፣ ማን እንደሆንክ ግን አያውቁም ነበር። ስምህ ስለተጻፈ ወታደር ሆንክ። ሰልፉ ላይ ስላልተገኘህ ደግሞ የከዳ ወታደር ሆንክ። የከዳ ወታደር ቤተሰብ እንደሚታሰር ሕግ አለ። ያን ሕግ እኔ አላውቀውም ነበር፤ ለፈተና ያጠናሁት ስለ ጥንት ነገሥታት ደግነት ነው።

ባለፈው ወር እናትህን አመጧቸው። ከእህል ጎተራው ጀርባ ያለችው ጠባብ ክፍል ውስጥ አስቀመጧቸው። ገዥው እኔን ጠርቶ “ሂድና ቃሏን ተቀበል፤ ለልጇ ደብዳቤ እንድናዘጋጅ አሻራዋን ውሰድ” አለኝ። ወንበር አስገብቼ፣ ወረቀቴን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ ስማቸውን መጻፍ ስጀምር ጎንበስ ብለው እጄን አዩ። ከዚያ ከብብታቸው የጨርቅ ጥቅል አወጡ። ዘጠኙም ደብዳቤዎች ነበሩበት።

“የኔን ልጅ ደብዳቤ የምትጽፈው አንተ ነህ” አሉኝ።

“እማማ ማንበብ ይችላሉ?”

“አልችልም። የመንደሩ አስተማሪ አንድ ጊዜ ያነብልኛል። ከዚያ ወዲያ ዓመቱን ሙሉ አውጥቼ አያቸዋለሁ። ሰው ይህን ያህል ካየ እጅ ይለያል። አንተ የመጨረሻዋን መስመር ስትስብ ትጫናታለህ።” ጥቅሉን መልሰው እያሰሩ “ወታደሮቹ ሲመጡም አንዱ ወረቀት ይዞ ነበር። ምድጃውን ያያል፣ ወረቀቱን ያያል። አጠገቡ ቆሜ እኔም አየሁት። ያው እጅ ነው” አሉ።

መሬት ላይ ተደፋሁ። ይሰድቡኛል ብዬ ስጠብቅ “ተነሣ፣ ወለሉ እርጥብ ነው፣ ያምሃል” አሉኝ። ወንድም ጋሼ፣ ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ስሜን እንዳትነካ ማለትህንም፣ እሺ ማለቴንም። ዓይናቸውን ከግድግዳው ሳያነሡ ሰሙኝ። “አስቦለት ነው ያደረገው ማለት ነው” አሉ፣ ለራሳቸው እንደሚናገሩ ሆነው። ከዚያ ስለ አንተ ጠየቁኝ። ከስቷል ወይ፣ ፀጉሩ እንደ አባቱ ሳስቷል ወይ፣ ዛሬም ሲበላ ያወራል ወይ። አልከሳም አልኳቸው። ሲበላ እንደሚያወራ ሲሰሙ ሳቁ። ሳቃቸው ያንተ ነው።

“ደብዳቤው ቢደርሰው ይመጣል?” አሉኝ።

“ይመጣል፣ እማማ።”

“እናትህ ሞታለች ብትለውስ?”

“አልሞቱም እኮ።”

“እሱን ለእኔ ተወው። አንተ ጽፈህ ላክለት።”

ከዚያን ቀን ጀምሮ እህል አልቀመሱም። የሚሰጣቸውን የሩዝ ሾርባ በመስኮቱ አውጥተው የክፍሉ ጠባቂ የሆነችው ሴት ለምታረባቸው ዶሮዎች ያፈሱላቸው ነበር። ጠባቂዋ ተናድዳ “ይህች አሮጊት ዶሮዎቼን አወፈረቻቸው” እያለች ስታማርር እኔ ምን እየሆነ እንዳለ ገባኝ። ገብቼ ለመንኳቸው። ማንኪያውን አፋቸው ድረስ አደረስኩ። “ልጄ፣ እጅህን አንሣ” አሉኝ በጨዋ ድምፅ። “እንደምትጽፍለት ቃል ገብተህልኛል” አሉኝ። ቃል እንደገባሁ አላስታውስም። ግን እንደዚያ ካሉ ገብቻለሁ ማለት ነው፣ ይህኛውን እጠብቃለሁ። በአሥራ አንደኛው ቀን ጠዋት ስገባ ሞተው ነበር። ወደ በሩ ዞረው ነበር የተኙት።

ይኸው ነገርኩህ። እቴቴ ፔይ፣ እባክሽ እዚህ ላይ አታቁሚ። ትንሽ ቀርቶኛል።

ገዥው ሲሰማ አልደነገጠም። “ማንም እንዳይሰማ” አለ። “ልጇ እስካላወቀ ድረስ በሕይወት ናት። አሻራዋን ወስደህ ደብዳቤውን ጨርስ።” ጠባቂዋ በሩ ላይ ቆማ እያየችኝ እምቢ ማለት አልቻልኩም። ውሸት ነው፣ እችል ነበር። ግን እኔ እምቢ ብል ሌላ ሰው ያደርገዋል፣ ያ ሌላ ሰው ደግሞ ይህን ደብዳቤ አይጽፍልህም ብዬ ነው። ቀለሙን ቀብቼ እጃቸውን ያዝኩ። ቀዝቅዞ ነበር፣ ጣቱ አልታጠፍ አለኝ። የመጀመሪያው አሻራ አልወጣም። ጣታቸውን በሁለት እጄ ይዤ በትንፋሼ አሞቅኩትና እንደገና ተጫንኩት። ስለዚህ ደብዳቤው ሲደርስህ ከግርጌው ሁለት አሻራ ታያለህ፣ አንዱ ደብዛዛ፣ አንዱ ጥቁር። እነሱን እያየህ እናቴ ትጠራኛለች እንዳትል። የያዝኩት እኔ ነኝ።

የት እንዳለህ አላውቅም። እቴቴ ፔይ ታውቃለች፤ አልጠየቅኳትም፣ ብጠይቃትም አትነግረኝም፣ ልክ ናት። ደብዳቤው ደርሶህ ሳትመጣ ስትቀር ገዥው ማን እንደነገረህ ይጠይቃል። መሞታቸውን ከእሱ ሌላ የምናውቀው ጠባቂዋና እኔ ነን፤ መጻፍ የሚችለው ከሁለታችን አንዱ ብቻ ነው። ብዙም አይፈላሰፍበትም። “ሦስቴ ወዳቂን ላድነው ነው” ወይም “ልቀጣው ነው” ብለህ በእኔም ምክንያት እንዳትመጣ። ይቅር በለኝ ብዬም አልጠይቅህም። ምሕረት ሲለመንና ሲሰጥ አይቻለሁ፤ ካንተ እሱን አልፈልግም። የምፈልገው በሕይወት እንድትኖርልኝ ብቻ ነው።

እናትህን የቀበርኳቸው ከከተማው በስተ ምሥራቅ፣ ሁለተኛው ኮረብታ ላይ፣ ሁለት ጥዶች መሐል ነው። ስም አላደረግኩበትም። ደብዳቤዎቹን አብሬ ቀብሬያቸዋለሁ። የመቃብር ማጽጃው በዓል ሲደርስ ልጅ ሆኖ የማይመጣ እንደሌለ ገዥው ያውቃል፤ ቦታውን ሲደርስበት በዚያ ቀን ከጥዶቹ ጀርባ ወታደር ያስቀምጣል። እስከዚያ በሕይወት ከቆየሁ ሣሩን እኔ እነቅልልሃለሁ፣ ሩዝና አረቄም አስቀምጥላቸዋለሁ፣ ስምህንም ጠርቼ ልጅዎ ነው የላከኝ እላቸዋለሁ። ካልቆየሁ ሣሩ ይብቀል። ዓመት በዓመት ይብቀል፣ መቃብሩ እስኪጠፋ ይሸፍነው። አትምጣ።

ሹ ቦያን